ለዘር የተቀመጠው ኮርማ

ከጊንጪ ወረድ ብሎ፣ አዋሽ ገና ቀጭን ጅረት ሆኖ በሚንፏቀቅበት አካባቢ፣ ሁለት መንደሮች ነበሩ እንበል። ምሳሌ ነውና ካርታ ላይ የሚፈልጋቸው ሰው አያገኛቸውም። በመካከላቸው አንድ ጨፌ አለ። ጥርና የካቲት ላይ ኮትቻው አፈር ተሰነጣጥቆ የላም እግር በሚውጥበት ጊዜ እንኳ እዚያ ሣር አይጠፋም። ከአያቶቻቸው ጀምሮ በየወሩ እየተፈራረቁ ያስግጡበታል። ውል የለ፣ ማኅተም የለ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ሾላ ሥር ተቀምጠው የተናገሩት ቃል ነው።

አንድ ክረምት ጅረቱ ሞልቶ መንገዱን ቀየረና ጨፌውን በሞላ ወደ ማዶ አደረገው። ማዶዎቹ "ወንዝ ፈረደ" አሉ። የወዲህኞቹ "ወንዝ ከመቼ ወዲህ ዳኛ ሆነ?" አሉ። ከብት ታሰረ፣ እረኛ ተገረፈ፣ ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌዎቹ ሦስት እሑድ ተመላልሰው አንድ ነገር ላይ ደረሱ፦ ከሾላው እስከ ትልቁ ድንጋይ መስመር ይሰመር፤ ከመስመሩ በላይ ያለው ለማዶ፣ በታች ያለው ለወዲህ። በውሳኔው ደስ ያለው ሰው አልነበረም፤ እንቢ ያለም አልነበረም። ሽምግልና ሲሠራ እንዲህ ነው።

ምርቃት ሊጀመር ሲል ባለ ወፍጮው ተነሣ።

ባለ ወፍጮው የወዲህኛው መንደር ልጅ ነው፤ ኑሮው ግን ጊንጪ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። የአባቱን መሬት ለእኩል አራሽ ሰጥቶ እሑድ እሑድ በሞተር ብስክሌት ብቅ ይላል። ልቅሶ ሲሆን ቀድሞ የሚደርስ፣ ለዕድር የማይሰስት፣ ለድሀ ተማሪ ደብተር የሚገዛ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስምሩልኝ።

"የአባቶቻችንን ጨፌ እንደ ቅርጫ ሥጋ ልንመዳደበው ነው?" አለ። "ማዶዎቹ ወንድ ከሆኑ ኮርማቸውን ያምጡ። እኛም የኛን እናመጣለን። ያሸነፈ ይውሰደው።"

ኮርማ ማዋጋት የእረኛ ጨዋታ ነው እንጂ የሽማግሌ ጉባኤ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ግን ጎረምሶቹ ከኋላ "በለው!" አሉ። አንዴ በለው ከተባለ በኋላ ቀስ ብሎ ማሰብ ፍርሃት ይመስላል። ባለ ወፍጮው አንድ ጀሪካን አረቄ አስመጣ። ሽማግሌዎቹ ምርቃታቸውን ዋጥ አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ።

"ማን ያምጣ?" ሲባል ዓይን ሁሉ ወደ ባለ ወፍጮው ዞረ። በዚያ አገር እንደሱ ኮርማ፣ እንደ ዳለቻ ያለ የለም። ፉርሽካና ፋጉሎ እየበላ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እያደረ ያደገ ነው። አንገቱን አንድ ሰው አቅፎ አይጨርሰውም።

"የኔ ለዘር ነው" አለ ባለ ወፍጮው። "እሱ አንድ ነገር ቢሆን የከብታችን ዘር ይበላሻል።" እውነት ነው። "ደግሞ ከተማ ያደገ ነው፣ ጭቃ ላይ አይቆምም።" ይህም እውነት ነው። "ደግሞስ እኔ ሁልጊዜ እዚህ አልኖር፤ ማን ይመራዋል?" አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም ምክንያቶች ያስኬዳሉ። ሰዉ ዝም ሲል እሱ ራሱ ስም ጠራ። "ቡሬስ? የቡሬን ቀንድ አላያችሁም እንዴ?"

ቡሬ ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት በሬ ነው። ገና አልተኮላሸም፤ ቀንበር ከለመደ ሁለት ዓመቱ ነው። ያላት እሱ ብቻ ስለሆነ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቷ ጋር ተቀናጅተው ተራ በተራ ያርሳሉ። ያን ቀን ሴትየዋ ቅቤ ልትሸጥ ገበያ ወጥታ አልነበረችም። የነበረው የ15 ዓመት ልጇ ነው። ትልልቅ ሰዎች የሱን በሬ ስም ሲጠሩ ሰምቶ አያውቅም። ፊቱ በራ። ማንም ፍታው ሳይለው ሮጦ ሄዶ ፈታው።

የኮርማ ውጊያ ከሩቅና ከቅርብ አንድ አይደለም። ከሩቅ ሁለት ጥላ ሲገፋፋ ነው የሚታየው። ከቅርብ ቀንድ ከቀንድ ሲላተም ቋ ሲል ይሰማል፣ ትንፋሻቸው ያፏጫል፣ ካፍንጫቸው ደም የቀላቀለ አረፋ ይንጠባጠባል፣ የኋላ ኮቴያቸው ሲቆፍር እርጥቡ ኮትቻ ተመልካቹ ፊት ላይ ይረጫል። ጭቃው የተረጨባቸው ሰዎች ቀስ በቀስ ዝም አሉ። ባለ ወፍጮው ከባሕር ዛፉ ወዲያ ሞተሩ ኮርቻ ላይ ቆሞ፣ ባንድ እጁ በስልኩ እየቀረጸ፣ "በለው ቡሬ! እንዳትለቀው!" ይላል። ድምፁ ከሁሉም ይበልጣል። ልጁ ግን አልጮኸም። ከበሬው አሥር እርምጃ ያህል ርቆ፣ ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "ይበቃል፣ ይበቃል" ይላል። የሰማው የለም።

ቡሬ አሸነፈ። የማዶው ኮርማ ቦይ ውስጥ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ እዚያው ታረደ። የቡሬ ግራ ቀንድ ከሥሩ ተነቀለ፤ ጫንቃው ላይ፣ ልክ ቀንበር የሚያርፍበት ቦታ፣ እጅ የሚያስገባ ቁስል ተከፈተ።

ባለ ወፍጮው አለቀሰ። የውነቱን ነው ያለቀሰው። ልጁን አቅፎ ሳመው፣ በግ ገዝቶ አሳረደ፣ ቀንዱንም አሳጥቦ ወሰደና ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከሚዛኑ በላይ ሰቀለው። ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ ወረፋ እየጠበቀ ታሪኩን ይሰማል። ሲተርክ "በሬያችን" ይላል።

ሰኔ ገባ። የጤፍ መሬት አራት አምስት ጊዜ ካልታረሰ አይሆንም። ኮትቻ ደግሞ ፋታ አይሰጥም፤ ሲደርቅ ማረሻ አይበሳውም፣ ሲረጥብ በሬውንም ገበሬውንም እስከ ጉልበት ይውጣል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት። የቡሬ ጫንቃ ግን ትል ወጣበት። መቀናጆው ጎረቤት አንድ ሳምንት ጠበቀ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀ፣ በሦስተኛው ይቅርታ ጠይቆ ከሌላ ሰው ጋር ተቀናጀ። እሱስ ምን ያድርግ፤ የሱም መሬት ጦሙን ሊያድር ነው እኮ።

ሴትየዋ ገመድ ይዛ ጊንጪ ወጣች። ባለ ወፍጮውን በሩ ላይ፣ ዱቄት እንደ ለበሰ አገኘችው።

"እንዴት ዋልክ ልጄ?"

"አዴ! የጀግናው እናት! ግቢ እንጂ፣ ግቢ።"

"አልገባም፣ ቀን እየሄደብኝ ነው። ዳለቻን ለአራት ቀን ስጠኝ። ሌላውን በሬ ለምኜ አግኝቻለሁ፤ የጎደለኝ አንድ ነው።"

"አዴ፣ እሱ እኮ ቀንበር አያውቅም።"

"ቡሬም ውጊያ አያውቅም ነበር።"

ባለ ወፍጮው መሬት መሬት አየ። "ለዘር ነው እኮ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከኪሱ ብር አወጣ፤ አልተቀበለችውም። "እንግዲያው እህልሽን አምጪ፣ ዓመቱን ሙሉ በነፃ ነው የምፈጭልሽ" አላት። በዚያ ዓመት የምታስፈጨው እህል አልነበራትም።

ጨፌውስ? ጨፌው የወዲህ ሆነ፤ ሌሊት ሌሊት ግን የማዶ ከብት ይገባበታል። ጠባቂ ተመደበ። ጠባቂ የሚሆነው ደግሞ ሌሊቱን የሚተኛበት ምክንያት ያጣ የድሀ ልጅ ነው። ዱላ ተነሣ፤ አንዱ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ጤና ጣቢያ ሄዶ ተሰፋ። ሣሩም ከብት በሰላም ሳይግጠው በሰው እግር ተረግጦ ጭቃ ሆነ።

በዓመቱ የማዶ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መጡ። ያመጡት ሐሳብ ያው ያምናው ነው፦ ከሾላው እስከ ድንጋዩ። ልጁ የተፈነከተበት አባት "እንታረቅ" አለ። ሴትየዋም "እንታረቅ" አለች። ባለ ወፍጮው ተነሣ።

"ታዲያ የቡሬ ቀንድ በከንቱ ነው የተሰበረው?"

ሰዉ ጸጥ አለ። እንታረቅ ያሉት እንኳ አንገታቸውን ደፉ፤ የገዛ ጉዳታቸውን የካዱ መሰላቸው። ሴትየዋ ግን አልተቀመጠችም።

"ቀንዱ የማን ነው?" አለችው።

"የሁላችንም ነዋ አዴ። የመንደሩ ነው።"

"ቁስሉ ሲሸት የመንደሩ አልነበረም። በጨው ውሃ እያጠብኩ ያደርኩት እኔ ነኝ። ቀንዱን ከግድግዳህ አውርደህ አምጣልኝ። በከንቱ ይሁን አይሁን እኔው አይቼ እናገራለሁ።"

ጥሩ ንግግር ነበር፤ ግን አልሠራም። ምሳሌ ስለሆነ ብቻ ሴትየዋን በግድ አላሸንፍላትም። ከኋላ አንድ ጎረምሳ "በለው!" አለ፣ ሌላው ተቀበለው፣ አረቄው መጣ። ሌሎች ሁለት ኮርማዎች ተሰበሩ፤ አንድ እረኛ አንድ ዓይኑን አጣ። በሦስተኛው ዓመት ጨፌው ተከፈለ፤ ከሾላው እስከ ድንጋዩ። ዳለቻ በዚያው ዓመት ለፋሲካ ለልኳንዳ ቤት በጥሩ ዋጋ ተሸጠ። ያን ሁሉ ጊዜ የመንደሩን አንዲት ላም አላስረገዘም፤ ባለቤቱ ካልተከፈለው አያወጣውም ነበር።

ምሳሌው ይኸው ነው። ባለ ወፍጮውን የምወቅሰው ኮርማውን ስላላወጣ አይደለም። ሁሉም ሰው አይዋጋም፤ ሽማግሌ አለ፣ ሕመምተኛ አለ፣ ሕፃን ያዘለች አለች፣ ኅሊናው እንቢ ያለውም አለ። መንግሥት ስለ ጦርነት የሚመክረው ከወታደር ጋር ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመስል ደግሞ በደርግ ጊዜ አይተነዋል። ጥፋቱ በዓመቱ ተነሥቶ ያደረገው ነው፤ ይበቃል ያሉትን ሰዎች አፍ በገዛ ቁስላቸው መዝጋቱ። ከሩቅ ያለ ደጋፊ ጦርነት የሚያስጀምር ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጀምሩት ግን ሥልጣንና ጦር ያላቸው ናቸው። የሩቁ ደጋፊ ትልቁ ሥራ ማስጨረሻውን ማስወደድ ነው።

ባድመን አስቡ። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ግንቦት 1990 ተነሣ። የካቲት 1991 በዘመቻ ፀሐይ ግባት ቦታው ሲመለስ አዲስ አበባ በእልልታ ቀለጠች። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ሚያዝያ 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። የሁለቱ ወገን ሟች ብዙ ጊዜ ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ይገመታል። ከውሳኔው በኋላ ደግሞ ጦርነትም ሰላምም ሳይሆን 16 ዓመት አለፈ። የኢትዮጵያ መንግሥት ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለው ግንቦት 28 ቀን 2010 ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ የባከነው ካፌ ተቀምጦ የሚፎክር ስለበዛ ብቻ ነው አልልም፤ መንግሥታቱ የየራሳቸው ስሌት ነበራቸው። ግን ስለ ውሳኔው አፉን የከፈተ ሰው ሁሉ "ታዲያ ያ ሁሉ ደም?" የሚለው ጥያቄ ይጠብቀው ነበር። በ2010 ጥያቄውን የባድመና የኢሮብ ነዋሪዎች ሰልፍ ወጥተው ሲጠይቁት ተገቢ ነው፤ ቤታቸው ነው፣ መቃብራቸው ነው። ቦሌ ማኪያቶ እየጠጣ የሚጠይቀው ሰው ያው ጥያቄ ነው የያዘው፤ ቀንዱ ግን የሌላ ሰው ነው።

ጊንጪ ያለችበት ምዕራብ ሸዋ ይህን ነገር ከባድመም በፊት ያውቀዋል። ከጊንጪ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ቡራዩ አካባቢ ታጠቅ ጦር ሰፈርን ያልፋል። ሚያዝያ 1969 የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ ከየገጠሩ የተሰበሰበው ሚሊሺያ የሠለጠነው እዚያ ነበር። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ሁሉ እኩል ነበር። መሬት ላይ ግን ኮታው ለቀበሌና ለገበሬ ማኅበር ይወርዳል፤ የማን ልጅ ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ሊቀ መንበሩ ነው። ኮታው ሳይሞላ ሲቀር ገበያ ተከቦ ይታፈሳል። የቡሬን ስም የሚጠራው ሰው ያኔ ማኅተምም ነበረው። የራሱ ልጅ ብዙ ጊዜ ለዘር ነበር።

የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆች ነሐሴ 1914፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ሰሞን፣ እንግሊዝ አገር ፎክስቶን ከተማ አንድ ጡረታ የወጣ አድሚራል ሴቶችን አደራጅቶ የወታደር ልብስ ላልለበሰ ወንድ ነጭ ላባ እንዲያድሉ አደረገ። ላባው የፈሪ ምልክት ነው። ልማዱ ተስፋፋና ከግንባር ለዕረፍት የመጡ፣ ቆስለው የተሰናበቱ ሳይቀሩ ተራ ልብስ ለብሰው መንገድ ላይ በመታየታቸው ላባ ተቀበሉ።

ዛሬ ላባው በስልክ ይላካል። በመንግሥት ጦርና ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት በሚለው፣ መንግሥት ሸኔ በሚለው ቡድን መካከል ያለው ግጭት ጊንጪ ባለችበት በደንዲ ወረዳና በአካባቢው ሰው ላይ ዓመታት አስቆጥሯል። ሁለቱ ሚያዝያ 2015 ዛንዚባር ላይ፣ ኅዳር 2016 ዳሬሰላም ላይ ተቀምጠው ሳይስማሙ ተነሡ። ሚኒሶታ ያለው ዘመድ ይደውልና "ትንሽ ነው የቀረው፣ ጽኑ" ይላል። አዲስ አበባ ያለው ይደውልና "አንዴ ጠርጎ ማጽዳት ነው እንጂ ድርድር ምን ይሠራል?" ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ከአንድ ገበሬ ጋር ነው። እሱ ደግሞ ማታ በሩ ሲንኳኳ ማን እንደመጣ ሳያውቅ ነው የሚከፍተው፤ አንዱን አብልተሃል ብሎ ሌላው ይጠይቀዋል። ከውጭ ያለው ሰው ገንዘብ እልካለሁ፣ ያም መሥዋዕትነት ነው ይላል። በጉም ዋጋ ነበረው።

ጊንጪ ግን ሌላውንም ዓይነት ሰው አፍርታለች። ጃገማ ኬሎ በ1913 እዚሁ ደንዲ ውስጥ ተወለዱ፤ ጣሊያን ሲገባ የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ጫካ ገቡ፣ ተዋጉ፣ ሌተና ጄኔራል ሆነው በ2009 አረፉ። የሳቸውን ጀግንነት ለመተረክ ሰው አይጠፋም። እኔን የሚገርሙኝ ጠመንጃ ያልያዙት ናቸው። የውስጥ አርበኞች የምንላቸው፣ ከመካከላቸው ብዙ ሴቶች ያሉባቸው፣ ከተማ ተቀምጠው ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ወደ ጫካ ያሾልኩ ነበር። ገበሬውም አርበኛውን ከጎተራው ይመግብ ነበር። አንዳቸውም አልተኮሱም፤ ሲያዙ ግን ገመዱም እሳቱም ለነሱ ነበር። ኅዳር 2 ቀን 2008 ደግሞ የጊንጪ ተማሪዎች ስለ ኳስ ሜዳቸውና ስለ ጭሊሞ ደን ባዶ እጃቸውን ሰልፍ ወጡ። የዚያ ተቃውሞ ዱካ አገሪቱን በሙሉ አዳረሰ። በፖለቲካው የሚስማማም የማይስማማም ሰው አንድ ነገር አይክዳቸውም፦ የሰው በሬ አልፈቱም፤ የወጡት በራሳቸው ገላ ነው።

ስለዚህ መለኪያው ጠመንጃ አይመስለኝም። የገባ ሰው ሁሉ ተኳሽ አይደለም፤ የጮኸ ሰው ሁሉም የገባ አይደለም። ልጁን ልኮ የሚጠብቅ አባት አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ገብቷል፤ "ይቀጥል" ቢል እንኳ ባልስማማም እሰማዋለሁ። አዳማጭ እንዲያገኝ የማልፈልገው ይቀጥል ሲል ምንም የማይቀንስበት፣ ይብቃ ሲባል ግን ዋነኛው ተበዳይ ሆኖ የሚነሣው ሰው ነው።

በሰሜኑ ጦርነት ማብቂያ ይህ በግልጥ ታየ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ፤ ኅዳር 3 የፌዴራሉ ጦር አዛዥ ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና የትግራይ ኃይሎች አዛዥ ጄኔራል ታደሰ ወረደ ናይሮቢ ላይ አፈጻጸሙን ፈረሙ። ባንድ ወቅት በአንድ ሠራዊት ያገለገሉ፣ ሁለት ዓመት ጦር አሰልፈው የተፋለሙ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ተጨባበጡ። ፎቶው ሲወጣ በሁለቱም ጎራ "ተከዳን" የሚለው ጩኸት ተነሣ። ጮክ ብሎ የተሰማው ደግሞ ከአገር ውጭ፣ ዋሽንግተንና ለንደን ሰልፍ ሲያሞቁ ከከረሙት መካከል ነበር።

ትግራይ ውስጥ የወደቁት ተዋጊዎች መርዶ ለየቤተሰቡ በይፋ የተነገረው ከዚያ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ጥቅምት 2016 ነው፤ የሦስት ቀን ሐዘንም ታወጀ። በመከላከያውም፣ በአማራና በአፋርም በኩል እንዲሁ መርዶ የገባበት ቤት ብዙ ነው። መርዶ በኛ አገር ማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰባስቦ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው። ከባድ ሥራ ስለሆነ ሰው ይሸሸዋል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ላይ ይወድቃል። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ "እስከ መጨረሻው!" የሚል ወዳጅ ሲገጥመኝ አልከራከረውም። በየትኛው ቤት መርዶውን አንተ ትነግራለህ? እለዋለሁ። አብዛኛው ወሬ ይቀይራል፤ አንዳንዱ ይቆጣል።